የፊዚክስ መልስ አልገጥም ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

መልሳችሁ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ጋር ካልገጠመ ቶሎ አትሰርዙት። መጀመሪያ የእናንተን መልስ ለትክክለኛው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስህተቱ የት እንደተሠራ ያሳያል።

12.96 ወይም 3.6 ከወጣ

ኪሎ ሜትር በሰዓትን ሳትቀይሩ ፎርሙላ ውስጥ ከታችኋል። 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ ሚኒባስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ 36 ለ3.6 ሲካፈል 10 ሜትር በሰከንድ ነው። ካይነቲክ ኢነርጂው ½ × 2,000 × 10² = 100,000 ጁል ይሆናል። 36ን እንዳለ ያስገባ ተማሪ ግን 1,296,000 ያገኛል፤ ፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚደረግ ስህተቱም አብሮ ስኩዌር ይሆናል። ፎርሙላ ሳትጽፉ በፊት የተሰጡትን ሁሉ በሜትር፣ በኪሎ ግራምና በሰከንድ ቀይራችሁ ዳር ላይ አስፍሩ። ልዩነቱ ልክ 2 እጥፍ ከሆነ ½ን ረስታችኋል።

4 ከወጣ

ሁለት እኩል ሬዚስተሮች በፓራለል ሆነው ሳለ እንደ ሲሪየስ ደምራችኋል። ሁለት ባለ 100 ኦም በፓራለል 50 ኦም ናቸው፣ በሲሪየስ 200። ሦስት ከሆኑ ልዩነቱ 9 እጥፍ ይደርሳል። ሥዕሉ ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው አትታለሉ፦ ጣታችሁን ከባትሪው ፖዘቲቭ አስነስታችሁ ሽቦውን ተከተሉ፤ መንገዱ ለሁለት ከተከፈለ ፓራለል ነው። 0.02 ላይ ከቆማችሁ ደግሞ የመጨረሻውን መገልበጥ ዘንግታችኋል።

ቮልቴጁ ወርዶ ከረንቱ ከጨመረ

ይህ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት የተጻፈበት የእንጀራ ምጣድ 180 ቮልት ቢደርሰው ስንት አምፔር ይስባል? 3,500ን ለ180 ያካፈለ 19.4 አምፔር ያገኛል። መብራት ሲደክም ምጣዱ ቶሎ እንደማይግል ቤት ውስጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ታዲያ ከረንቱ እንዴት ይጨምራል?

ምክንያቱ 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ብቻ የተጻፈ መሆኑ ነው። ሳይለወጥ የሚቀረው የሽቦው ሬዚስታንስ ነው (በሙቀት የሚመጣውን ትንሽ ለውጥ የቤት ሥራው ይተወዋል)። ስለዚህ አስቀድማችሁ እሱን አውጡ፦ 220² ÷ 3,500 = 13.8 ኦም። ቀጥሎ 180 ÷ 13.8 = 13 አምፔር። ፓወሩ ወደ 2,340 ዋት ይወርዳል፤ ከሦስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ልማድ አድርጉት፦ ቮልቴጅ በተቀየረበት ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ ሬዚስታንስ።

በዚያው ምጣድ በ220 ቮልት የ40 ደቂቃ ፍጆታ ሲጠየቅ 140 ኪሎ ዋት ሰዓት ካገኛችሁ ደቂቃውን ለ60 አላካፈላችሁም። ትክክለኛው 2.33 ነው።

አማካይ ፍጥነት 15 ሆኖ እናንተ 20 ካላችሁ

ታክሲው ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ በዚያው መንገድ በ10 ተመለሰ። 30ና 10ን ደምራችሁ ለሁለት አካፍላችኋል። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ነው ከተባለ መውረጃው 6፣ መመለሻው 18 ደቂቃ ይፈጃል፤ 6 ኪሎ ሜትር በ24 ደቂቃ 15 ነው። ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ፣ ሌላ መንገድ የለውም።

የዳገት ጥያቄ ከተጋነነ

ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የሚወጣ ሰው ፖቴንሺያል ኢነርጂ የሚሰላው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ቀጥ ብሎ በሚለካው ከፍታ ነው። 300 ሜትር ተጉዞ 15 ሜትር ከፍ ያለ 50 ኪሎ ግራም ሰው 50 × 9.8 × 15 = 7,350 ጁል ያገኛል። ርዝመቱን ያስገባ 20 እጥፍ ይሳሳታል።

1.02 ከወጣ አትጨነቁ። መጽሐፉ 9.8ን፣ እናንተ 10ን ተጠቅማችኋል፣ ሁለቱም ይያዛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች፣ በእውነት ቢለካ ወደ 9.78 ገደማ ነው።