አጋዘን ለሚያረቡና ለሚጭኑ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ማርባት ሕጋዊ የግብርና ሥራ ነው። ትልልቅ ቀንድ ያላቸው ወንዶች ታጥረው ለተዘጋጁ የአደን ቦታዎች ይሸጣሉ፣ ሴቶቹ ለርቢ ይፈለጋሉ፣ ሥጋውም ገበያ አለው። እኔ በኦሃዮና በፔንስልቬንያ ገጠር እየዞርኩ እነዚህን መንጋዎች የምመረምርና የጉዞ ሰርተፍኬት የምፈርም የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰሞኑን መሬት ገዝተው አጋዘን ለማርባት የሚያስቡ፣ ከዚያም በላይ በጭነት መኪና ሥራ ላይ ያሉ የአገር ልጆች ስለሚደውሉልኝ ሁልጊዜ በስልክ የምደጋግመውን በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ስለ አጥር ቁመትና ስለ መኖ አልጽፍም፤ እሱን ማንም ጎረቤት ይነግራችኋል።

በመጀመሪያ ሕጉ ለምን እንዲህ እንደሚጠብቅ ይታወቅ። የአጋዘን ዘርን የሚያመነምን፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲ.ደብሊው.ዲ. የሚባል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ለምርምር በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነው። በ1978 ደግሞ ስክሬፒ የሚባለው የበጎች በሽታና በኋላ የመጣው የእብድ ላም በሽታ ከሚመደቡበት ወገን መሆኑ ታወቀ። የሚያመጣው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ክትባት የለውም፣ መድኃኒት የለውም፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከሁሉ የከፋው ግን የያዘው እንስሳ ከአንድ ዓመት በላይ ወዝ ያለው፣ ጥሩ የሚበላ፣ ሩጫውም የማይነቀፍ ሆኖ መቆየቱ ነው። ቁርጡ የሚለየው ከሞተ በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው። ስለዚህ መንግሥት በሕይወት ያለውን አጋዘን አይቶ «ጤነኛ ነው» ሊል አይችልም። የሚያየው የመንጋውን ታሪክ ነው፤ ለ5 ዓመት የሞተ ሁሉ እየተመረመረ በሽታው ካልተገኘ መንጋው የተረጋገጠ ይባላል፣ አጋዘኖቹም ከግዛት ወደ ግዛት ለመሻገር ብቁ ይሆናሉ። የፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር ይህን የመንጋ ማረጋገጫ ፕሮግራም በ2012 ሥራ ላይ አዋለው። በፈቃደኝነት የሚገባበት ነው ይባላል፤ ግዛት ተሻግሮ መሸጥ ለሚፈልግ ግን ፈቃደኝነቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

አጋዘኑን አይቶ መንጋውን ሳያዩ መግዛት

ደሜን የሚያፈላው ስህተት ይህ ነው። ሰው አጋዘን ሲገዛ እንደ በሬ ሻጭ ጥርስና ዳሌ ያያል፣ የአባቱን የቀንድ ልክ ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ዋጋ ይከራከራል። «ይህ መንጋ ፕሮግራሙ ውስጥ የገባው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደንቡ እኮ ግልጽ ነው፤ የመንጋ ደረጃ የሚባለው ፕሮግራሙ ውስጥ የቆጠረው ዓመት ነው፦ ዝቅተኛ ደረጃ ካለው መንጋ አንድ አጋዘን ወደ መንጋችሁ ካስገባችሁ፣ የእናንተ መንጋ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል። አንዷ ናት ወደ እናንተ ደረጃ የምትወጣው ብላችሁ አትሳቱ፤ ሁላችሁም ወደ እርሷ ትወርዳላችሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ጭራሽ ካልተመዘገበ ቦታ የመጣች ከሆነችማ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ የማውቀው ገበሬ አራተኛ ዓመቱን ጨርሶ አምስተኛውን ይዞ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ መዝገቡ የባንክ ደብተር ይመስላል። በዚህ መሐል አንድ ጎረቤቱ እርሻውን ሊዘጋ ሆነና ሁለት ያረገዙ ሴቶች በግማሽ ዋጋ አቀረበለት። ያ ጎረቤት ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ገበሬው ገዛቸው፣ ከራሱ ጋር ቀላቀላቸው፣ ከሳምንታት በኋላ ለኢንዲያና ገዢ ሰርተፍኬት እንድፈርምለት ጠራኝ። መዝገቡን ሳገላብጥ ሁለቱን አዲስ ቁጥሮች አገኘሁ። «ዶክተር፣ አይተሃቸዋል እኮ፣ ምን የመሰሉ ጤነኞች ናቸው!» አለኝ። ጤንነታቸውን ማን ጠየቀ? መልሶ ማውጣትም አያድንም፤ ከተቀላቀሉ ተቀላቀሉ። በሁለት ርካሽ አጋዘን የተነሳ ኢንዲያና የነበረው ገዢ ወደ ሌላ ሻጭ ሄደ፣ መንጋው በሙሉም ለዓመታት ከግዛቱ እንዳይወጣ ሆነ። ያንን ጊዜ በገንዘብ የሚሸጥ የለም፤ ጠበቃም አያሳጥረውም፣ የምታውቁት ባለሥልጣንም አያሳጥረውም።

በነገራችን ላይ መቀላቀል ማለት አንድ በረት ውስጥ መዋል ብቻ አይደለም። ከጎረቤት መንጋ ጋር የመጠጥ ውኃ ወይም መሣሪያ መጋራትም እንደ መቀላቀል ይቆጠራል። የጎረቤትን ተጎታች «ለአንድ ቀን» መዋስ የሚወድ ሰው ይህን ቢያስብበት ይሻላል።

የሞተውን መቅበር

12 ወር የሞላው አጋዘን በማናቸውም ምክንያት ቢሞት ሪፖርት ይደረጋል፣ ናሙናውም ይመረመራል። በማናቸውም ምክንያት ማለት መብረቅ የመታውም፣ አጥር ላይ አንገቱን የሰበረውም፣ ታርዶ የተበላውም፣ አዳኝ ከፍሎ የተኮሰውም ነው። «የሞተበትን ምክንያት አውቀዋለሁ እኮ» የሚለውን ሰበብ የሰማሁት ብዙ ጊዜ ስለሆነ አሁን መልስ አልሰጥበትም። ያልተመረመረ ሞት በመንጋው ታሪክ ውስጥ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ሲበዛ ደረጃው ይወርዳል።

ችግሩ በበጋ ይብሳል። ሐምሌ ላይ ጠዋት የሞተ አጋዘን ማታ ላይ አንጎሉ ወደ ፈሳሽነት ይሄዳል። ላቦራቶሪው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ኦቤክስ የሚባለውን፣ ከራስ ቅሉ በስተኋላ በኩል የሚገኘውን የአንጎል ግንድ ቁራጭ፣ እና ከጉሮሮው ጀርባ ያሉትን ንፍፊቶች። ኦቤክሱ የቪ ቅርጽ አለው፤ ቪው ካልታየ ወይም ከተፈጨ ናሙናው አይረባም። ለበሽታው ዋና ምርመራ የሚሆነው ቁራጭ ፎርማሊን የሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ወይም ሌላ የሠለጠነ ሰው እስኪደርስ ድረስ ጭንቅላቱን አቀዝቅዙት እንጂ ድንጋይ እስኪሆን በበረዶ አታድርቁት፤ በረዶ ሴሉን ያፈርሰዋል። የጆሮውን መለያም አትንቀሉ። ጆሮውን ከነመለያው ቆርጣችሁ ከናሙናው ጋር ላኩ፤ ያለዚያ የማን አንጎል እንደሆነ ማረጋገጫ አይኖርም። የበሰበሰ ቢሆን እንኳ ደውሉ። ንፍፊቱ አንዳንድ ጊዜ ከአንጎሉ ይልቅ ይተርፋል።

የፌዴራሉን ሰርተፍኬት እንደ ፓስፖርት ማየት

የፌዴራሉ ደንብ ትንሹ መስፈርት ነው። እያንዳንዱ ግዛት ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላል፣ በሩን ጨርሶ መዝጋትም ይችላል። ፍሎሪዳ በ2013 ከግዛቷ ውጭ አጋዘን እንዳይገባ ከልክላለች። ሞንታና በ2000 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አዲስ የአደን እንስሳት እርሻ እንዳይከፈት አግዷል። የሚኒሶታ ምክር ቤት በ2023 ባወጣው ሕግ የነጭ ጅራት አጋዘን እርሻዎችን ቁጥጥር ከእንስሳት ጤና ቦርድ ወደ ተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ አዛወረ፣ አዲስ እርሻ መመዝገብንም አቆመ። እነዚህን ሁሉ በቃል ያዙ ማለቴ አይደለም፤ ትናንት ክፍት የነበረ በር ዛሬ ሊዘጋ እንደሚችል እወቁ ለማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ አጋዘን እንደ ከብት የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ግማሽ የቤት፣ ግማሽ የዱር እንስሳ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የእንስሳት ጤና ኮሚሽኑም፣ የዱር እንስሳትና ፓርኮች መሥሪያ ቤቱም ይመለከተዋል። ፔንስልቬንያ ውስጥ እርሻውን የሚቆጣጠረው የግብርና መሥሪያ ቤቱ ሲሆን የዱር አጋዘኑ የሌላ ኮሚሽን ነው። ከአንዱ «እሺ» የሚል ቃል አግኝቶ የሚጭን ሰው ሌላኛው መንገድ ላይ ሲያስቆመው ይደነግጣል። ከመጫናችሁ በፊት ወደምትወስዱበት ግዛት ዋና የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ደውሉ፣ የመግቢያ ፈቃድ ቁጥር ጠይቁ፣ ቁጥሩ ሰርተፍኬቱ ላይ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። የሰርተፍኬቱ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ «ባለፈው ወር ያስፈረምኩት አለ» ብላችሁ አትጫኑ።

የጆሮ መለያ

እያንዳንዱ አጋዘን ሁለት መለያ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው በአገር ደረጃ የማይደገም ኦፊሴላዊ ቁጥር፣ ሌላኛው ቢያንስ በመንጋው ውስጥ የማይደገም። ይህ 12 ወር ሳይሞላው፣ ቀድሞ የሚጓዝ ከሆነም ከመጓዙ በፊት ይጠናቀቃል። ግልገሉን በተወለደ ሰሞን በእጅ ይዞ መለያውን ማድረግ ቀላል ነው፤ ዓመት ከሞላው በኋላ ግን ማደንዘዣ፣ ወጪና የተሰበረ እግር ነው። በ840 የሚጀምረው ኦፊሴላዊ የመለያ ቁጥር 15 አሃዝ ነውና ከሰርተፍኬቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። አንድ አሃዝ ብትዛነፍ ወረቀቱ የሌላ እንስሳ ወረቀት ነው።

በኅዳር 2024 የጀመረው የኤሌክትሮኒክ መለያ ግዴታ የተወሰኑ ከብቶችንና ጎሾችን እንጂ አጋዘንን አይመለከትም። ይህን የሚጠይቁኝ ስለበዙ ነው።

የሳንባ ነቀርሳን መርሳት

ሁሉም ስለ መመንመኑ በሽታ ሲጨነቅ የነቀርሳው ምርመራ ይረሳል። መንጋው ከነቀርሳ ነጻ ተብሎ ካልተረጋገጠ፣ ተጓዡ አጋዘን በጥቅሉ ቢያንስ 90 ቀን ተራርቀው የተደረጉ ሁለት ነጻ ውጤቶች ያስፈልጉታል። ሦስት ወር ነው እንግዲህ። ገዢው «ቅዳሜ እመጣለሁ» ካለ በኋላ የሚጀመር ነገር አይደለም።

በሌሊት ማሻገር

ስለዚህ ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። «ድንበሩ እኮ 20 ደቂቃ ነው፣ ማን ያየናል» የሚል ሰው አይጠፋም። የ1900ው የሌሲ ሕግ የግዛትን ሕግ ተላልፎ የተያዘ ወይም የተሸጠን የዱር እንስሳ ከግዛት ግዛት ማጓጓዝን የፌዴራል ወንጀል ያደርገዋል። አውቆ ለሽያጭ ያደረገውና የእንስሳው ዋጋ ከ350 ዶላር የበለጠ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ነው። ከ350 ዶላር በታች የሚሸጥ የርቢ አጋዘን ካያችሁ ለእኔም ንገሩኝ። ሕጉ ሻጭን ብቻ አይልም፦ የሚያጓጉዝ፣ የሚቀበል፣ የሚገዛም አለበት።

እዚህ ላይ ሾፌር ወንድሞቼን ላናግር። ብዙዎቻችሁ «እኔ ጫኝ ነኝ፣ ወረቀቱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው» ትላላችሁ። ለጤፍ ዱቄት ይህ ያስኬዳል። ለሕይወት ላለው አጋዘን ግን ሰርተፍኬቱ ጋቢና ውስጥ እጃችሁ ላይ መሆን አለበት፣ የተጫነው ቁጥርና የተጻፈው ቁጥር መግጠሙንም በሩ ሳይዘጋ በባትሪ መብራት ማየት አለባችሁ። የሕይወት ጭነት ሕጉ ከ28 ሰዓት በላይ ሳይራገፉ፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ ማቆየትን ይከለክላል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ከሆነ የምታራግፉበት ግዛት አጋዘኑን መቀበሉን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በግዛት ውስጥ ማለፍ ሌላ፣ በዚያው ማራገፍ ሌላ። ተጎታቹ ውስጡ ጨለማ ይሁን፣ ወንዶቹ ይለያዩ። መስከረም መጨረሻ ጀምሮ ወንዶቹ ለስሪያ ሲነሳሱ ቀንዳቸው ያልተቆረጠ ወንድ የሚጭን ሰው ካለ እኔን አይጥራኝ።

ካሣ ይከፈለኛል ብሎ መተማመን

በሽታው ተገኝቶ መንጋው እንዲወገድ ከተወሰነ የፌዴራሉ መንግሥት የሚከፍለው ከተገመተው ዋጋ 95 በመቶ ሲሆን ለአንድ እንስሳ ከ3,000 ዶላር አይበልጥም። የገንዘብ በጀት ሲኖር ነው ይህም። ለርቢ የተመረጠ ወንድ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ባንክ ለመበደር ስትሄዱ ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙ።

ያመለጠ አጋዘን ሲኖር ዛሬውኑ ሪፖርት አድርጉ። ነገ ይመለሳል አትበሉ፤ ቢመለስም ሪፖርቱ ይቀድማል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ መንጋው የተመዘገበበት ቀን፣ መጨረሻ የተደረገው ቆጠራ ሰነድ፣ ባለፉት ዓመታት የሞቱት ዝርዝርና የእያንዳንዳቸው የላቦራቶሪ ውጤት፣ ሳይመረመር የቀረ ካለም ስንት እንደሆነ። ደህና ሻጭ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ፋይሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። «አጋዘኑን ዛሬ ውሰዱ፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» ካላችሁ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ባዶውን ተጎታች ይዛችሁ ተመለሱ።