ዘመናዊውን 5.3 ሊትር ቮርቴክ ሞተር ከ1967–72 በተሠራ ሼቭሮሌ ሲ-10 ፒክአፕ ላይ እንዴት መግጠም እንደሚቻል

የእነዚህ ዓመታት ሲ-10 ባለቤቶች አሜሪካ ውስጥ ደጋግመው የሚመርጡት ሞተር የጄኔራል ሞተርስ 5.3 ሊትር ቮርቴክ ነው። ከ1999 እስከ 2007 በሲልቨራዶ፣ በታሆና በሰበርባን ላይ በብዛት ስለተገጠመ ያረጁ መኪኖች ተፈትተው በሚሸጡበት ቦታ ሁሉ ይገኛል። እንደ ዓመቱ ከ270 እስከ 295 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ የሲ-10 ኮፈን ሥርም ሰፊ ነው። ሞተሩን አስቀምጦ ቡሎን ማሰር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። በኋላ የሚያስቸግሩት ዘይቱ፣ ነዳጁና ኤሌክትሪኩ ስለሆኑ ጊዜዎንና ገንዘብዎን ለእነሱ ያቆዩ።

ሞተሩን ሲገዙ

ከ5.3 ሊትሮቹ ኤልኤም7 የሚባለውን ሞተር ለማግኘት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ፤ 8ኛው ምልክት “ቲ” መሆን አለበት። ሞተሩን፣ 4ኤል60ኢ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ኮምፒውተሩንና ሙሉውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነሶኬቱ ከአንድ መኪና ይውሰዱ። ሽቦው በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ከሆነ በርካሽ ቢሰጡዎትም ይለፉት። ከ2003 ወዲህ በአብዛኞቹ ላይ የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ የለውም፤ በሽቦ ነው የሚሠራው። እንዲህ ዓይነቱን ከገዙ ፔዳሉ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑና ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) አንድ ላይ መምጣት አለባቸው፤ ከተለያየ መኪና የተለቃቀሙ ከሆኑ ላይግባቡ ይችላሉ።

ሞተሩን ማስቀመጥ

የአዲሱ ሞተር ጎንና ጎን በእያንዳንዱ በኩል 4 የቡሎን ቀዳዳ ስላለው ከአሮጌው ማቀፊያ ጋር በቀጥታ አይገጥምም። በመሃል የሚገባ አስማሚ ብረት ይገዛል። አስማሚውን፣ የዘይት ቋቱንና የጭስ ማኒፎልዱን አብረው እንዲሄዱ ታስበው ከተሠሩት ይምረጡ፤ አስማሚው ሞተሩን ትንሽ ወደኋላ ቢወስደው ማኒፎልዱ ከመሪው ሳጥን ጋር ሊነካካ ይችላል።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ሲያገናኙ አንድ ነገር በእጅዎ ያረጋግጡ። የካምቢዮው ቡሎኖች ገና ሳይጠብቁ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) በነፃነት መዞር፣ ከፍሌክስፕሌቱም (ከሞተሩ ጀርባ ካለው ቀጭን ክብ ብረት) ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ክፍተቱ ከሌለ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው፤ በቡሎን ጎትተው ካስገቡት የካምቢዮው ፓምፕ ይሰበራል። ካምቢዮውን ከሞተሩ የሚያያይዙት ቡሎኖች በ50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

ሞተሩ ወደኋላ 3 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፤ የኋላው ዲፈረንሻል በዚያው መጠን ወደ ላይ ይመልከት። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ክሮቸራው ቶሎ ያልቃል፣ መኪናውም በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። የካርዳኑን ርዝመት የሚለኩት ሞተሩና ካምቢዮው በቦታቸው ታስረው፣ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው።

የዘይት ቋቱ

አዲሱ ሞተር ይዞት የሚመጣው ቋት ጥልቅ ስለሆነ ከፊት አግዳሚው ብረት በታች ይንጠለጠላል፤ መኪናው ዝቅ ከተደረገ መንገድ ይመታዋል። ስለዚህ ብዙዎች ለዚህ ቅየራ ተብሎ በተሠራ ዝቅ ያላለ ቋት ይተኩታል። ቋቱ ሲቀየር ዘይት መሳቢያ ቱቦውም ይቀየራል፤ ብዙ ሞተር የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። ቱቦው ወደ ዘይት ፓምፑ የሚገባበት ጫፍ ላይ ትንሽ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማተሚያ) አለች። ካረጀች፣ ከተቆነጠጠች ወይም ለቱቦው የማትሆን ከሆነች ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። አዲስ ኦሪንግ ይግዙ፣ ዘይት ይቀቡት፣ ቱቦውን በመዶሻ ሳይሆን በእጅ ቀጥ አድርገው ያስገቡ፤ ቡሎኑን በ12 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠብቁ። ቡሎኑን እንደ መሳቢያ ተጠቅመው ቱቦውን ካስገቡት ኦሪንጓ ትቆረጣለች፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም።

ነዳጅ

የካርቡሬተሩ አሮጌ ፓምፕ ከ7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በታች ይገፋ ነበር፤ ይህ ሞተር 58 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለው መስመር ሁሉ ይለወጣል። የእነዚህ ዓመታት ሲ-10 ታንከር ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ቤንዚን ከሰው ጀርባ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም፤ ከጭነት ሳጥኑ ሥር በሻንሲው መካከል የሚገባ፣ ፓምፑ ውስጡ የሆነ ታንከር ይግጠሙ። ፓምፑ በቤንዚኑ ስለሚቀዘቅዝ ከውጭ ከተገጠመው ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፣ ድምፁም ያነሰ ነው።

ለግፊቱ ቀላሉ መንገድ የ1999–2003 ኮርቬት የነዳጅ ፊልትሮ ነው። ማጣሪያውና ግፊት መቆጣጠሪያው አንድ ላይ ናቸው። ከታንከሩ አጠገብ ይገጠማል፤ ትርፉ ቤንዚን ከእሱ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። የጎማ ቱቦ በሚያስፈልግበት ቦታ ለኢንጀክሽን የተሠራውን ይጠቀሙ፤ የካርቡሬተር ጎማ በዚህ ግፊት ይፈነዳል።

ኤሌክትሪክ

ኮምፒውተሩ ሁለት ዓይነት መብራት ይፈልጋል፦ ሁልጊዜ ከባትሪው የሚመጣ (ብርቱካናማ ሽቦ)፣ ቁልፍ ሲከፈትም ሆነ ሞተር ሲነሳ የማይቋረጥ (ሮዝ ሽቦ)። ለሁለተኛው ወደ አሮጌው ኮይል ይሄድ የነበረውን ሽቦ አይጠቀሙ። ያ ሽቦ ራሱ ሬዚስታንስ ስለሆነ 12 ቮልቱን ይቀንሰዋል፤ ሞተሩ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ከቁልፉ ትንሽ መብራት ወስደው ሪሌ (በትንሽ መብራት ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ያስነሱ፤ ዋናው መብራት በሪሌውና በፊውዝ በኩል ከባትሪው ይምጣ።

ኔጌቲቩን አይናቁት። ከባትሪው ወደ ሞተሩ ወፍራም ገመድ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲውና ወደ ጋቢናው ሌላ ገመድ፣ የኮምፒውተሩ ኔጌቲቮች ደግሞ በቴስታታው ጀርባ ይታሰሩ። ቀለምና ዝገት እስኪለቅ ይፋቁ። የአልተርኔተሩ ትንሿ “ኤል” ሽቦ በዳሽቦርድ አምፖል በኩል እንጂ በቀጥታ 12 ቮልት አይሰጣትም፤ ሬጉላተሩ ይቃጠላል። የኮምፒውተሩ የፀረ ስርቆት መቆለፊያም በፕሮግራም ካልጠፋ ሞተሩ ሊነሳ ሲል ወዲያው ይጠፋል።

ራዲያተርና ጭስ ማውጫ

ከቴስታታዎቹ ፊት የሚወጣውን ቀጭን የእንፋሎት ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ላይኛው ክፍል ያገናኙት። ከተደፈነ ቴስታታው ውስጥ አየር ይታፈንና ጌጁ ሳያሳይ ሞተሩ ይግላል። ማሞቂያ ከሌለ ሁለቱን የማሞቂያ ማኒኮቶዎች እርስ በእርስ ያገናኙ እንጂ አይድፈኗቸው፤ ቴርሞስታቱ የሚሠራው ውሃው ሲዞር ነው። ኦክስጅን ሴንሰሮቹን ውሃ እንዳይተኛባቸው ከአግድም መስመር ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለው ያስበይዱ።

ፍሬኑንም ይመልከቱ። እስከ 1970 የተሠሩት ሲ-10ዎች ከፊትም ያላቸው የከበሮ ፍሬን ነው፤ ዲስክ በመደበኛነት የመጣው በ1971 ነው። ጉልበት ከመጨመርዎ በፊት የፊቱን ወደ ዲስክ ይለውጡት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱ

የኢንጀክተሮቹንና የኮይሎቹን ፊውዝ ያውጡ፣ ካንዴላዎቹን ይፍቱ፣ ሞተሩን በ10 ሰከንድ ልክ እያሳረፉ በሞተሪኖ ያዙሩ። የዘይት ጌጁ መነሳት አለበት። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ጌጁ ካልተነሳ ሞተሩን በነዳጅ ለማስነሳት አይሞክሩ፤ ቋቱን ይፍቱና ኦሪንጓን ይዩ። ጌጁ ከተነሳ ካንዴላውንና ፊውዙን ይመልሱ፣ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው የነዳጅ ግፊቱን በጌጅ ያንብቡ፣ ከሥር የሚያፈስ ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያ ያስነሱት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የፋብሪካው ዝቅተኛ የዘይት ግፊት በ1,000 ዙር 6፣ በ2,000 ዙር 18፣ በ4,000 ዙር 24 ፒኤስአይ ነው። ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውሃ ይሙሉ፣ የማቀፊያዎቹንና የማኒፎልዶቹን ቡሎኖች እንደገና ይጠብቁ።