እንግሊዝኛችሁ የት ላይ ይሰናከላል? ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሔው

እንግሊዝኛ ለዓመታት ተምረው ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ የሚሰናከሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስሕተቱ ሲደጋገምባቸው የሰዋስው መጽሐፋቸውን ገልጠው ከምዕራፍ አንድ ይጀምራሉ፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይሰለቻሉ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ እንደገና ከምዕራፍ አንድ። አንድ ጎማ ተንፍሶ ሞተር እንደ መፍታት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ላይ የሚሠራቸው ስሕተቶች በአብዛኛው የአማርኛ ሕግ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ የሚፈጠሩ ናቸው። መነሻቸው ከታወቀ አንድ በአንድ ይታረማሉ። ከዚህ በታች ያለው በምልክት የተከፋፈለ ስለሆነ የእናንተ ያልሆነውን እየዘለላችሁ አንብቡ።

ምልክት፦ ስናገር ሰው ደጋግሞ «ምን አልክ?» ይለኛል

ብዙ ሰው ጥፋቱን «ዚስ» እና «ሲንክ» በሚላቸው ቃላት ላይ ይጥላል፤ ምላሱን በጥርሶቹ መካከል ማውጣት ስላልለመደ ያፍራል። እኔ ግን በዚህ ብዙ አልጨነቅም። ያ ድምፅ ቢበላሽም ሰሚው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ንግግርን የሚያደናግሩት አናባቢና አጽንዖት ናቸው፤ ጊዜ ካላችሁ ለእነርሱ ስጡት።

ከአናባቢ እንነሣ። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ የሚለዩት በአንድ አናባቢ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱንም «ሺፕ» ብለን እናልፋለን። መኖርና ትቶ መሄድ ሁለቱም «ሊቭ» ይሆናሉ፤ ሙሉና ሞኝም ሁለቱም «ፉል»። መነሻው ግልጽ ነው። አማርኛ በርዝመት ቃል የሚለየው በተነባቢ ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ በዓል መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። በአናባቢ በኩል ግን ጆሯችን እንዲህ አልሠለጠነም።

መድኃኒቱ ከማስረዘም ይልቅ አፍን ማላላት ነው። የበጉ ድምፅ ከአማርኛው «ሺ» ጋር ይቀራረባል፤ ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል። የመርከቡን ለማግኘት «ሺ» በሉና ድምፁን ሳታቋርጡ ቀስ እያላችሁ ወደ «ሽ» ሂዱ። ከንፈራችሁ መሳቡን ሲተው፣ ምላሳችሁ ትንሽ ዝቅ ሲል፣ መንገዱ መሐል ላይ የምታገኙት ድምፅ እርሱ ነው። አንደበት ከጆሮ ስለማይቀድም ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ጆሯችሁን ፈትኑ። ሰው ወይም ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ሁለቱን ቃላት እያፈራረቀ ያሰማችሁ፤ እናንተ ሳታዩ የትኛው እንደሆነ ለዩ። በጆሮ ያልለያችሁትን በአፍ ለመለየት መድከም ከንቱ ነው።

ያው የማጥበቅ ልማድ በሌላ በኩልም ይጎዳናል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተነባቢ ተደርቦ ስናይ እናጠብቀዋለን፤ «ሐፒ»ን እና «ሰመር»ን የምንላቸውን ልብ ብላችሁ አድምጡ። በእንግሊዝኛ የተደረበ ፊደል አጥብቁ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ከእርሱ ስለሚቀድመው አናባቢ ነው። ተስፋ ማድረግን የሚገልጸው «ሆውፒንግ» በአንድ «ፒ» ይጻፋል፤ በአንድ እግር መዝለልን የሚገልጸው «ሆፒንግ» በሁለት። የተለወጠው አናባቢው ነው፤ «ፒ» በሁለቱም ላልታ ትነገራለች።

ቀጥሎ አጽንዖት። አማርኛ ለቃሉ ክፍሎች ሁሉ ተቀራራቢ ክብደት ይሰጣል። እንግሊዝኛ አንዱን ክፍል ከፍ አድርጎ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። «ፎቶግራፍ» ላይ ክብደቱ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ፎቶ አንሺ ሲባል ወደ ሁለተኛው ክፍል ይዛወርና ቃሉ «ፈቶግረፈር» ወደሚል ይጠጋል። አጽንዖቱ በተሳሳተ ቦታ ካረፈ፣ እያንዳንዱ ፊደል በትክክል ቢነገር እንኳ ሰሚው ቃሉን አያገኘውም።

እዚህ ላይ አማርኛ ይረዳናል። አጽንዖት ያላገኙት ክፍሎች አናባቢያቸው ይደበዝዝና በመዝገበ ቃላት ላይ በተገለበጠች ኢ የምትጻፈውን ድምፅ ይይዛሉ። በእንግሊዝኛ ከሁሉ በላይ የምትሰማው አናባቢ እርሷ ናት፤ ከእኛው የግዕዝ አናባቢ፣ «ለ» ውስጥ ካለችው፣ ብዙም አትርቅም። ሌላው የውጭ አገር ሰው የሚታገልባት ድምፅ በአፋችን አለች፤ የጎደለን በቦታዋ መጠቀም ነው። አዲስ ቃል ስትጽፉ አጽንዖቱ ያለበትን ክፍል ከሥሩ አስምሩበት። መዝገበ ቃላት ያንን ክፍል ከፊቱ በምትቀመጥ ትንሽ የቆመች ጭረት ያመለክታል። የድምፅ ምልክቶቹን በሙሉ መሸምደድ አያስፈልግም፤ ጭረቷንና የተገለበጠችዋን ኢ ማወቅ ሩቅ ያደርሳል።

በሁለት ተነባቢ የሚጀምሩ ቃላት ላይ «እስፖርት»፣ «እስኩል» የምትሉ ከሆነ ደግሞ መነሻው አማርኛ ቃልን በሁለት ተነባቢ መጀመር አለመውደዱ ነው። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ስስስስ» በሉ፤ ምንም አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ሳታቋርጡ «ፖርት» ጨምሩ። «ፖርት» ከመድረሱ በፊት ጉሮሯችሁ ከተንቀጠቀጠ «እ» ሾልካ ገብታለች።

ምልክት፦ ሲነገር የማላውቀው ቃል ሲጻፍ የማውቀው ሆኖ አገኘዋለሁ

በፊደላችን ከማጥበቅና ከማላላት በቀር የተጻፈው ይነበባል። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደላት 44 ያህል ድምፆችን ለመጻፍ ይሞክራል። ዊልያም ካክስተን የማተሚያ መሣሪያን ወደ እንግሊዝ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1476 ነው። ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ የአናባቢዎቹ አነጋገር ግን እስከ 1700 አካባቢ ድረስ ሲለዋወጥ ቆየ። በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ቃላቱን ላቲን ለማስመሰል ማንም የማይናገራቸውን ፊደላት ጨመሩ፤ ዕዳ በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ቢ» እንዲህ የገባች ናት። ስለዚህ አጻጻፍን አይቶ አነጋገርን መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ያልሰማችሁትን ቃል በወረቀት ብቻ አታጥኑ። አስቀድማችሁ አዳምጡት፤ ከዚያ ጻፉት።

አንድ ነገር ግን ሕግ አለው፤ ያለፈ ጊዜን የምታመለክተው «ኢዲ»። ብዙዎቻችን በሁሉም ቦታ «ኤድ» እንላታለን፤ «ወርኬድ»፣ «ፕሌዬድ»። ከእርሷ በፊት ያለው ድምፅ «ት» ወይም «ድ» ከሆነ ብቻ ነው ራሷን የቻለች ክፍል የምትሆነው፤ ለምሳሌ «ዋንቲድ»። እንደ «ክ»፣ «ፕ»፣ «ስ»፣ «ሽ» ካሉ ጉሮሮን ከማያንቀጠቅጡ ድምፆች በኋላ «ት» ትሆናለች፤ «ወርክት»። በቀሩት ላይ «ድ» ናት፤ «ፕሌይድ»።

ምልክት፦ ሰዋስው አውቃለሁ፤ ስናገር ግን ይጠፋኛል

ፈተና ላይ ባዶ ቦታ መሙላትና አፍ ከፍቶ መናገር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ማሰቢያ ጊዜ አለ፤ ለሁለተኛው የለም። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ አእምሮ ወደሚያውቀው ወደ አማርኛው ሕግ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት አንድ ስሕተት ብቻ ምረጡ። ስለ ውሏችሁ ሁለት ደቂቃ ተናገሩና በስልካችሁ ቅዱ፤ መልሳችሁ ስታዳምጡ የመረጣችሁትን አንድ ስሕተት ብቻ ፈልጉ። ሌላውን ሰምታችሁ እለፉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማረም የሚሞክር ሰው ዝም ማለትን ይለምዳል።

ከየትኞቹ መጀመር እንዳለባችሁ እነሆ፦

«ቱ ቡክ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? በአማርኛ «ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ» ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ «መጻሕፍት» ማለት ግዴታ አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን ቁጥሩም ቢኖር «ስ» ትጨመራለች።

ሁለተኛው «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ነው። ይህ ስሕተት ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገሩትንም አይለቅም፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ፍጹም ትክክል ነው። «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚባለውን ስንማር «አይቼዋለሁ» ብለን ተርጉመን ያዝነው፤ ትርጉሙ መጣ፣ ገደቡ ቀረ። እንግሊዝኛው ያለቀና የታወቀ ጊዜ ከተጠራ ይህን ቅርጽ አይቀበልም። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ በ2015 ካላችሁ «አይ ሶው ሂም» በሉ። መቼ እንደሆነ ካልጠራችሁ ወይም ጊዜው ገና ካላለቀ «ሃቭ» ትገባለች። በንግግራችሁ የጊዜ ቃል ከመጣ «ሃቭ»ን ለመጣል ተዘጋጁ፤ ይህ ብቻ አብዛኛውን ስሕተት ይቀንሳል።

ስለ «ኧ» እና «ዘ» ገጾች ሙሉ የተጻፉ ሕጎች አሉ፤ ለጊዜው አንዱን ብቻ ያዙ። የሚቆጠርና ነጠላ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ራቁቱን አይቆምም። ከፊቱ «ኧ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ አንዳቸው ይኖራሉ። «አይ ቦት ካር» ሲሉ እንግዳ የሚመስለው በዚህ ነው። ከ«ኧ» እና ከ«ዘ» የትኛው እንደሚሻል ብትሳሳቱ እንኳ ባዶ ከመተው ይሻላል።

ከግስ ጋር የሚለጠፈው «ኝ» ደግሞ «ኤክስፕሌይን ሚ» ያሰኘናል፤ «አስረዳኝ» ብለን ስለምናስብ። እዚህ «ቱ ሚ» ያስፈልጋል። በተቃራኒው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው «ዲስከስ አባውት» ያሰኘናል፤ እዚህ ደግሞ «አባውት» ትቀራለች።

ምልክት፦ ቃላት አጠናለሁ፤ በሳምንቱ የሉም

የመርሳትን ፍጥነት ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል፦ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንረሳለን፤ ከዚያ የመርሳቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም፣ አንድን ቃል በአንድ ሌሊት ሃያ ጊዜ ከማንበብ ይልቅ ቀናት እያራራቁ ጥቂት ጊዜ ማስታወስ መሻሉ ነው። ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የካርድ ሣጥን በዚህ ላይ የቆመ ነው። ያወቃችሁት ካርድ ዘግይቶ ወደሚታየው ክፍል ያልፋል፤ የረሳችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዛሬ ይህንኑ የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ዋናው ነገር ካርዱን ከመገልበጣችሁ በፊት መልሱን ከራሳችሁ ማውጣት ነው። መልሱን እያዩ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ማለት አይቆጠርም።

የምታጠኑት ቃል ምርጫም ችግር ሊሆን ይችላል። ከጋዜጣ ላይ ብርቅ ቃል እየለቀሙ ደብተር መሙላት ደስ ይላል፤ ነገር ግን በብዛት የሚያገለግሉት 2000 ያህል ቃላት የአንድን ተራ ጽሑፍ ወደ 80 በመቶ ይሸፍናሉ። እነዚያን ሳይጨርሱ ብርቁን መሰብሰብ ቅንጦት ነው።

ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ ዐረፍተ ነገሩ ግን እንግዳ ይመስላል? ብቻውን ስላጠናችሁት ነው። እኛ ሕልም እናያለን፤ እንግሊዝኛ «ሃቭ» ይላል። እኛ ስሕተት እንሠራለን፤ እነርሱ «ሜክ» ይላሉ፤ «ዱ» አይደለም። ጉንፋን ይይዘናል፤ በእንግሊዝኛ ያዡ ሰውየው ነው። ካርዱ ላይ ነጠላ ቃል አትጻፉ፤ ከጎረቤቱ ጋር፣ ከተቻለም ስለ ራሳችሁ በተሠራ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ጻፉት።

ምልክት፦ ሲያወሩ ይፈጥኑብኛል

ብዙ ጊዜ ችግሩ ፍጥነቱ ላይ አይደለም፤ የምትጠብቁት ድምፅ ሌላ፣ የሚመጣው ሌላ መሆኑ ነው። ትንንሾቹ ቃላት በንግግር ውስጥ ይኮማተራሉ። «ካን» በተራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ክን» ይሆናል። ይህን አለማወቅ ስንሰማ ብቻ ሳይሆን ስንናገርም ያስከፍላል፦ «እመጣለሁ፤ እችላለሁ» ለማለት «አይ ካን ካም» ብላችሁ «ካን»ን አጉልታችሁ ካወጣችሁት፣ በተለይ አሜሪካዊ ሰሚ «አልችልም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። በአፉታው ላይ አናባቢው ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ የመጨረሻዋ «ት» ግን ትዋጣለች።

ግማሽ ደቂቃ የሚሆን ጽሑፉ ያለው ንግግር ምረጡ። ጽሑፉን ሳታዩ የሰማችሁትን ጻፉ፤ እያቆማችሁ፣ እየደጋገማችሁ። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። የጎደሏችሁ ቃላት በአብዛኛው የምታውቋቸው ትንንሾቹ ናቸው። በመጨረሻም ተናጋሪውን እግር በእግር እየተከተላችሁ አብራችሁት ተናገሩ። ፊልም ከፍቶ ሌላ ሥራ እየሠሩ «ጆሮዬ ይለምዳል» ማለት ግን እምብዛም አያተርፍም።

ምልክት፦ «የስ» ብዬ መለስኩ፤ ሰውየው ግን ተቃራኒውን ተረዳ

«አልበላህም?» ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ ካልበላ «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ «አዎ» የምትለው ጠያቂው እንዳለው ነው ለማለት ነው። እንግሊዝኛ የጠያቂውን አነጋገር አይመለከትም፤ እውነታውን ብቻ ነው። ካልበላችሁ «ኖ»፣ ከበላችሁ «የስ»፤ ጥያቄው በአፉታ ቢመጣም ባይመጣም። በሥራ ቃለ መጠይቅ ወይም ሐኪም ፊት ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ «መድኃኒቱን አልወሰድክም?» ለሚለው በ«የስ» የመለሰ ሰው ወስዷል ተብሎ ይመዘገባል። እስኪለምድላችሁ ድረስ «የስ»ን ወይም «ኖ»ን ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ብላችሁ ግሱን አስከትሉ። ጓደኛ ካላችሁ አፉታና አዎንታ እያቀላቀለ በፍጥነት ይጠይቃችሁ፤ ስትሳሳቱ ጥያቄውን ሳያስረዳ ይድገመው።