የቤት ናስ አልነሳ ሲል፦ ፋይል የሚያስበሉ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች፣ ትናንሽ የሒሳብ ቢሮዎች፣ ፊልም የሚያከማቹ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ናስ እየያዙ ነው። ናስ በኔትወርክ የሚሠራ ማከማቻ ነው። ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የሚጎርስ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ያረጀ ዴስክቶፕም ሊሆን ይችላል። ዲስክ የተሰካበት ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተርም ያው ነው። የሲኖሎጂ ወይም የኪውናፕ ሳጥን በሉት፣ ኦፕንሚዲያቮልት የሚባለው የናስ ሶፍትዌር የተጫነበት፣ ውስጡ ሊኑክስ ነው።

ጠላቱ ደግሞ መብራት ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ግን ወደ ብሔራዊው መስመር ስለሚገባ ለጎረቤት አያዳላም። እኛም ጋ ድንገት ድርግም ይላል። ሲመለስ የናሱ መብራት ይበራል፣ ዲስኩ ይዞራል፣ ሳጥኑ ግን አልነሳ ይላል።

እኔ እንዳየሁት ፋይል የሚጠፋው በአብዛኛው መብራቱ በሄደባት ሰከንድ አይደለም። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ነው፤ ሰው ደንግጦ ያገኘውን ሁሉ ሲነካካ። ስለዚህ ከታች ያሉትን ስታነቡ አንድ ነገር ያዙ። ሳጥኑ የት ላይ እንደቆመ ሳታውቁ ዲስኩ ላይ ምንም ነገር አትጻፉ።

ተነስቶ ሳለ «አልተነሳም» ማለት

ይሄ ስህተት ያስቃል፤ ግን ብዙ ነው። መብራት ሲመለስ ራውተሩና ናሱ እኩል ይነሳሉ። አንዳንዴ ናሱ ይቀድማል። «አይፒ አድራሻ ስጡኝ» ሲል መላሽ ያጣል። ያኔ አንዳንዱ ሲስተም በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ወይም ራውተሩ ዘግይቶ ከትናንቱ የተለየ አድራሻ ይሰጠዋል። እናንተ ደግሞ በድሮው አድራሻ ትፈልጉታላችሁ። አይገኝም። «ሞተ» ትላላችሁ።

መጀመሪያ የራውተሩን ገጽ ክፈቱ። የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ናሱ አለ? በስሙ ካልታየ ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ መለያ) ፈልጉት። ከሌለ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉና ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ከተገኘ በኋላ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ያዙለት።

ዲስኩን አውጥቶ ዊንዶውስ ላይ መሰካት

ይሄ ግን አያስቅም። ሰውየው ዲስኩን ያወጣል፣ በዩኤስቢ ማገናኛ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ዊንዶውስ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞችን (ፋይል ዲስክ ላይ የሚደራጅባቸውን መንገዶች)፣ ኢኤክስቲ4ንም ሆነ ቢቲአርኤፍኤስን፣ በራሱ አያነብም። የሊኑክስ ሬይድማ (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያስተሳስረው አሠራር) ጭራሽ አይገባውም። ስለዚህ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል መስኮት ያወጣል። ዲስክ ማስተዳደሪያውን ሲከፍቱ ደግሞ «ኢኒሺያላይዝ ላድርገው?» ይላል።

ሁለቱንም እምቢ በሉ። ዊንዶውስ ይህን ያለው ዲስኩ ስለተበላሸ አይደለም፤ ስላልገባው ነው። አንዲት «እሺ» ፋይል ሲስተሙን ወይም የክፍልፋዩን ሠንጠረዥ (ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን) ደምስሳ አዲስ ትጽፋለች። ዲስኩን ከሳጥኑ ውጭ ማየት ካስፈለገ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ አዘጋጁ፣ ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሱ፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጉ፤ ማለትም ከፍታችሁ ከሲስተሙ ጋር አያይዙት።

ዲስኮቹን ስታወጡም በማርከር ቁጥር ጻፉባቸው። ከግራ አንደኛው 1፣ ቀጣዩ 2። የሊኑክስ ሬይድ የእያንዳንዱን ዲስክ ቦታ ራሱ ዲስኩ ላይ ይመዘግባል፤ መዝገቡ ሲበላሽ ግን የቀረላችሁ የእናንተ ማርከር ነው።

አዳፕተሩን አለመጠርጠር

መብራቱ በርቷልና ኃይል አለ ማለት አይደለም። ትልቁ፣ የዴስክቶፕ መጠን ያለው ሃርድ ዲስክ መዞር ሲጀምር በ12 ቮልት መስመር እስከ 2 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለት ዲስክ ካለ እጥፍ ነው። መብራት እየሄደ ሲመጣ የደከመ አዳፕተር አነስተኛውን መብራት ያበራል፤ ዲስኮቹን ማዞር ግን ያቅተዋል። ምልክቱ ይታወቃል። ዲስኩ ሊነሳ ይሞክራል፣ ቀጭ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል።

አዳፕተር ተበላሽቶ ሌላ ሲገዛ ደግሞ ጫፉ ስለገባ ብቻ ይሰኩታል። 12 ቮልት 5 አምፔር የነበረውን በ12 ቮልት 2 አምፔር ይተኩታል። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ። ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ስክሪን ካለ የመብረቅ ምልክት ፈልጉ፤ ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ወርዷል ማለት ነው። በቀጭን የስልክ ገመድ የሚሠራ ፓይ ላይ ይሄ ምልክት ብርቅ አይደለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሳጥኑን አጥፉ፣ ዲስኮቹን በሙሉ አውጡ፣ ባዶውን አስነሱ። እንደ ሲኖሎጂ ያሉት ሲስተማቸውን ዲስኮቹ ላይ ስለሚያስቀምጡ ሙሉ በሙሉ አይነሱም፤ ኔትወርክ ላይ ግን ይታያሉ። ባዶውን ታይቶ ከነዲስኩ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ አዳፕተሩ ወይም ወደ አንዱ ዲስክ ዞሯል።

የት ላይ እንደቆመ ሳያዩ መገመት

ሊኑክስ የሚነሳው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ባዮስ ወይም በትናንሾቹ ሳጥኖች ላይ ዩ-ቡት የሚባለው ቀስቃሽ ፕሮግራም። ቀጥሎ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት። ከዚያ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ሲስተም ዋናውን ዲስክ ይፈልጋል። ሲያገኘው ሌሎቹ ዲስኮች ማውንት ይደረጋሉ። በመጨረሻ ፋይል የሚያጋራው አገልግሎት ይነሳል። አምስቱም ጋ ቢቆም ከውጭ የሚታየው አንድ ነው፤ ናሱ የለም። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ስክሪንና ኪቦርድ ሰኩበት። «ናስ ስክሪን አያስፈልገውም» የሚባለው ደህና በሆነ ቀን ነው። «ከርነል ፓኒክ» ብሎ ዋናውን ፋይል ሲስተም ማውንት ማድረግ አቃተኝ ካለ፣ ከርነሉ ተነስቷል፣ ዲስኩን ግን አላገኘም። ኢኒትራምኤፍኤሱ ተበላሽቶ ወይም ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ የቡት ክፍልፋዩ ሞልቶ ሳለ አፕዴት የተደረገ ማሽን ላይ ይሄ ይከሰታል። የድሮው ከርነል በግራብ (ከርነሉን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ዝርዝር ውስጥ ካለ በእሱ አስነሱት። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ስክሪን መሰኪያ የሌለው ሳጥን ከሆነ ቦርዱ ላይ ሲሪያል መስመር (የመነሻ መልእክቱ የሚወጣበትን) ፈልጉ። ብዙዎቹ በ3.3 ቮልት ይሠራሉ፤ ፍጥነቱ በአብዛኛው 115200 ነው። የድሮውን የኮምፒውተር ሲሪያል ገመድ በቀጥታ እንዳትሰኩ፤ ቮልቴጁ ቦርዱን ያቃጥላል። በዩኤስቢ የሚሰካውንና 3.3 ቮልት የሚለውን ማገናኛ ተጠቀሙ። መሬቱን ከመሬት፣ ላኪውን ከተቀባይ፣ ተቀባዩን ከላኪ። የኃይል ገመዱን አትሰኩት፤ ሳጥኑ የራሱ ኃይል አለው።

ራስፕቤሪ ፓይ ከሆነ አረንጓዴዋን መብራት ቁጠሩ። 4 ጊዜ ብልጭ እያለች ብታርፍ ማስነሻ ፋይሉ አልተገኘም፤ 7 ጊዜ ከሆነ ከርነሉ። ሁለቱም የሚጠቁሙት ወደ ኤስዲ ካርዱ ነው።

ኤፍኤስታብን በዲስክ ስም መጻፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤት ውስጥ በተገጣጠሙ ናሶች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ይሄን ነው።

ኤፍኤስታብ ሲስተሙ ሲነሳ የትኛው ዲስክ የት እንደሚገባ የሚነግር ፋይል ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጽፋል። እነዚህ ስሞች ግን ቋሚ አይደሉም። ባጃጅ ተራ ላይ እንዳለው ነው፤ ቀድሞ የደረሰ የፊቱን ቦታ ይይዛል። አንድ የዩኤስቢ ዲስክ ተረስቶ ተሰክቶ ካደረ ኤስዲቢ የነበረው ኤስዲሲ ይሆናል። ኤፍኤስታብ ኤስዲቢን ሲጠራ ሌላ ዲስክ አቤት ይላል፤ ወይም ማንም አይልም።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ይሄ ነው። ከታች አንድ መስመር ወዲህ ወዲያ የምትል ቀይ ኮከብ ይዞ ሰከንድ ይቆጥራል። ገደቡ አንድ ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ሲያልቅ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ይልና የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሰው ይህን ሲያይ ሲስተሙ ተበላሽቷል ብሎ እንደ አዲስ ሊጭን ይነሳል። ተዉት። ይህን ገጽ ካያችሁ ከርነሉ ደህና ነው፣ ሲስተሙም ደህና ነው። የሚጠብቀው ዲስክ ቀርቶበት ነው እንጂ።

የይለፍ ቃሉን አስገቡ። ዋናው ክፍልፋይ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል እንዲጻፍበት አድርጋችሁ እንደገና ማውንት አድርጉት። ኤፍኤስታብን ክፈቱና ያስቸገረውን መስመር ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) ጨምራችሁ ዝም አሰኙት። አስነሱት። ከተነሳ በኋላ በብሎክ-አይዲ (blkid) ትእዛዝ የዲስኩን ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) አውጡና በስሙ ፈንታ እሱን ጻፉ። ዩዩአይዲ ዲስኩ የትም ቢሰካ አይቀየርም።

ከዚያ «ኖፌይል» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ዲስኩ ባይመጣም ሲስተሙ ሳይቆም ይነሳል። ግን ኖፌይልም ጣጣ አለው። ዲስኩ ሳይመጣ ሲቀር የሚገባበት ፎልደር ባዶውን ክፍት ይሆናል። ፊልም የሚያወርደው ወይም ባክአፕ የሚቀበለው ፕሮግራም ይህን አያውቅም፤ እዚያው ባዶ ፎልደር ውስጥ ይጽፋል፤ ማለትም ትንሹ የሲስተም ዲስክ ላይ። 32 ጊጋ ኤስዲ ካርድ በአንድ ሌሊት ይሞላል። በማግስቱ በሌላ ምክንያት አልነሳ ይላል። መከላከያው ዲስኩ ባልተሰካበት ጊዜ ፎልደሩ ምንም እንዳይጻፍበት መቆለፍ ነው፤ በቻትር ትእዛዝ «አይነካ» የሚል ምልክት ይደረግበታል።

ኤፍኤስሲኬን እንደ መድኃኒት ለሁሉም ማዘዝ

ኤፍኤስሲኬ ፋይል ሲስተም ጠጋኝ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ሦስት ቦታ ላይ ነገር ያበላሻል። ማውንት ሆኖ እየተጻፈበት ባለ ክፍልፋይ ላይ። የሬይድ አባል በሆነ ነጠላ ዲስክ ላይ፤ ጥገናው በተሰባሰበው ሬይድ ላይ ነው የሚደረገው። እና እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ከጥገናው በፊት የዲስኩን ስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበውን) እዩ። በመጠባበቅ ላይ ያሉ ወይም የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ዜሮ ካልሆነና እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየከዳ ነው። ያኔ መጠገን ሳይሆን መቅዳት ይቀድማል። ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌላ እኩል ወይም የሚበልጥ ዲስክ ገልብጡት፣ ጥገናውን ቅጂው ላይ ሥሩ። አዎ፣ ተጨማሪ ዲስክ ውድ ነው። የደንበኛ ሰርግ ግን ተመልሶ አይደገስም።

ፋይል ሲስተሙ ቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ የራሱን የጥገና አማራጭ መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ራሱ መመሪያው ባለሙያ ሳያማክሩ አትጠቀሙበት ይላል። ለንባብ ብቻ ማውንት ይሆን እንደሆነ ሞክሩና ፋይላችሁን ቅዱ።

የተበተነ ሬይድን «ፍጠር» ማለት

የሊኑክስ ሬይድ በኤምዲአድም ነው የሚታዘዘው። «አሰባስብ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ «ፍጠር» የሚልም አለው። የመጀመሪያው ዲስኮቹ ላይ ያለውን መዝገብ አንብቦ ያገጣጥማል። ሁለተኛው በድሮው መዝገብ ላይ አዲስ ይጽፋል። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይም ፋይሉ በየዲስኩ የሚከፋፈልበት የቁራጩ መጠን ከድሮው ከተለየ፣ በሬይድ 5 ላይ ማመሳሰሉ ሲጀምር እውነተኛውን ፋይል እያጠፋ ይሄዳል። ከኢንተርኔት የተቀዳ ትእዛዝ ውስጥ «ፍጠር» የሚለውን ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ከሁሉ በፊት የእያንዳንዱን ዲስክ መዝገብ በ«መርምር» አማራጭ አውጥታችሁ ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መብራት ሲሄድ አንዱ ዲስክ ከሌሎቹ ጥቂት ኋላ ሊቀር ይችላል። «ኢቨንት» የሚለው ቁጥር ይህን ያሳያል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማሰባሰብ ይቻላል።

ትእግስት ማጣት

ትልልቅ ዲስኮች ያሉት ሬይድ ሲመሳሰል ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ትልቅ ክፍልፋይ ሲፈተሽም እንደዚያው። የዲስኩ መብራት እየተርገበገበች ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ሶኬቱን አትንቀሉ።

የባዮስ ባትሪዋን መርሳት

ይሄ ለአሮጌ ዴስክቶፖች ነው። ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ሁሉን ይረሳል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፋይል ሲስተሙም መጨረሻ ማውንት የተደረግኩት ወደፊት ነው እያለ ያጉረመርማል። የማስነሻ ቅደም ተከተሉም ይቀየርና ሲስተም የሌለበትን ዲስክ ያስነሳል። ሁለት ዲስክ በሬይድ 1 አስራችሁ ግራብን አንዱ ላይ ብቻ ጭናችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ዲስክ ሲሞት ሌላው ፋይሉን ሙሉ ይዞ መነሳት አይችልም። ግራብን ሁለቱም ላይ ጫኑ።

ዩፒኤስ ገዝቶ የዳታ ገመዱን መተው

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚደግፈው ባትሪ) ደቂቃዎችን ነው የሚሰጣችሁ። መብራቱ በእነዚያ ደቂቃዎች ካልተመለሰ ናሱ ያው በድንገት ይጠፋል፤ ትንሽ ዘግይቶ ብቻ። ከዩፒኤሱ ጀርባ ያለውን የዩኤስቢ መሰኪያ ከናሱ ጋር አገናኙ። ሲኖሎጂና ኪውናፕ በቅንብራቸው ውስጥ የዩፒኤስ ክፍል አላቸው፤ ራሳችሁ በገጣጠማችሁት ላይ ደግሞ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ፕሮግራም ይጫናል። ባትሪው ሲወርድ ናሱ ፋይሎቹን ዘግቶ ራሱን እንዲያጠፋ እዘዙት።

የአዳማ ሙቀት ለዚያ ባትሪ አይመቸውም፤ አቧራው ደግሞ ማራገቢያውን ያፍነዋል። ስለዚህ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ማንም ፋይል በማይቀዳበት ጊዜ፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉና ናሱ በሥርዓት ሲጠፋ ቆማችሁ እዩ። ሳይጠፋ ባትሪው ቀድሞ ካለቀ፣ ያዘዛችሁት የመዝጊያ ጊዜ ረዝሟል ወይም ባትሪው አርጅቷል።