የላብራቶሪ ሥራችሁን ወራት የሚበሉ ስህተቶች፦ ለናኖቴክኖሎጂ ማስተርስ ተማሪዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከማስተርስ ተማሪዎች ጎን ቆሜ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ተማሪው ጎበዝ ነው። አማካሪው ሥራውን ያውቃል። ርዕሱም ጥሩ ነው። ግን አራተኛው ወር ላይ ሥራው ቀጥ ይላል። ብዙውን ጊዜ ያስቸገረው የናኖ ሳይንሱ ክብደት አይደለም። ዓይናችን ፔፐሩ ላይ ተተክሎ ጠረጴዛው ላይ የሆነውን ሳያይ መቅረቱ ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

ፔፐሩ የተሠራበትን ቦታ መርሳት

ብዙ ተማሪ የሚሠራው ቅጠል አፍልቶ፣ ፈሳሹን ከብር ጨው ጋር ቀላቅሎ የብር ናኖ ቅንጣት ማውጣት ነው። ሁሉም የሚጀምረው ከታተመ ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) ነው፤ ትክክልም ነው። ችግሩ «ቅጠሉን በ100 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አፍሉ» የሚለውን እንዳለ መገልበጡ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ክፍት ቢከር ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሆት ፕሌቱን እስከ መጨረሻው ብታዞሩት ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ድሮም ያውቁታል። ኢታኖልም ቢሆን ከተለመደው 78 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ቴሲሱ ላይ ግን «100 ዲግሪ» ተብሎ ይጻፋል። ቴርሞሜትሩን ቢከሩ ውስጥ ከታችሁ ያነበባችሁትን ጻፉ። ፈሳሹ በትነት ከቀነሰም ስንት ሚሊ ሊትር እንደቀረ ለኩ።

«በክፍል ሙቀት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። የፔፐሩ ጸሐፊ 25 ዲግሪ ማለቱ ይሆናል። በኅዳር ጠዋት የእኛ ላብ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። አንድ ተማሪ የጦስኝ ኤክስትራክት (ቅጠሉ ተፈልቶ የወጣው ፈሳሽ) ከሲልቨር ናይትሬት፣ ማለትም ከብር ጨው ጋር ቀላቅሎ ሦስት ሰዓት ጠበቀ። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። «ተክሉ አይሠራም» ብሎ ሊደፋው ሲል ግማሹን 60 ዲግሪ የውሃ መታጠቢያ ውስጥ አስቀመጥነው። ሰዓት ሳይሞላ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን እንደሚመጥ በሚለካው ዩቪ-ቪዝ ላይ ሲነበብም የብር ናኖ ቅንጣቶች የሚታወቁበት ፒክ (የግራፉ ጫፍ) ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር ባለው ክልል ወጣ። ተክሉ ምንም አልነበረበትም። ላቡ በርዶ ነው።

ውሃውን ማመን

ይሄኛው ብዙ ሰው አስለቅሷል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎራይድ አለ። ብር ደግሞ ክሎራይድ ካገኘ ወዲያው ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ፍላስኩን በቧንቧ ውሃ አጥባችሁ በዲስትልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ሳታለቀልቁ ሲልቨር ናይትሬቱን ብትጨምሩ፣ ጥርት ያለው ፈሳሽ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ይደፈርሳል። ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ወደ ሐምራዊ ግራጫ ይጠቁራል። ያኔ ተማሪው «ቀለም ቀየረ፣ ናኖው ተሠራ» ብሎ ይደሰታል። ያገኘው ሲልቨር ክሎራይድ ነው።

መፈተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልትጠቀሙበት ካሰባችሁት ውሃ ትንሽ ቀድታችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጨምሩበት። ከደፈረሰ አትጠቀሙበት፤ ጀሪካኑ ላይ «ዲስትልድ» ተብሎ ቢጻፍም።

ሚዛኑ የማያነበውን መመዘን

ለ100 ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊሞላር (በሊትር አንድ ሺኛ ሞል) ሲልቨር ናይትሬት የሚያስፈልገው 0.017 ግራም ነው። ሁለት ዴሲማል በሚያነብ ሚዛን ይህን መመዘን አይቻልም። 0.015ም ሆነ 0.024 እሱ ዘንድ ያው 0.02 ናቸው። ከዚያ «ሦስቱ ሙከራዎች ለምን ተለያዩ?» እየተባለ ሳምንት ያልቃል። ባለ አራት ዴሲማል ሚዛን ካለ ጥሩ፤ 0.17 ግራም መዝናችሁ በ100 ሚሊ ሊትር አሥር ሚሊሞላር አዘጋጁና አሥር እጥፍ አቅጥኑት። ሁለት ዴሲማል ብቻ ካላችሁ ከዚህም አብልጡ፤ 1.70 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ደረጃ በደረጃ አቅጥኑ። ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልሉት፣ ብርሃን ያበላሸዋል። ጓንትም አድርጉ፤ ቆዳ ከነካ ለቀናት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ኮንትሮል መዝለል

ኮንትሮል ማወዳደሪያ ሙከራ ነው፦ ኤክስትራክቱ ብቻውን፣ ሲልቨር ናይትሬቱ ብቻውን፣ ከዚያ ድብልቁ። ሦስቱም በአንድ ሙቀት፣ ለእኩል ጊዜ። የባክቴሪያ ሙከራ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህ የግድ ነው። ባክቴሪያውን የገደለው ናኖው ይሁን ቅጠሉ ወይስ የቀረው የብር አዮን፣ ያለ ኮንትሮል ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ቅጠሉ ከየት፣ በየትኛው ወር እንደተለቀመም መዝግቡ። በክረምት ከመንዝ የመጣ ጦስኝና በበጋ ከገበያ የተገዛ ጦስኝ አንድ አይነት ኤክስትራክት ላይሰጡ ይችላሉ።

ስሌቱን ለሶፍትዌር ትቶ መሄድ

ከኤክስ አር ዲ (በኤክስሬይ የክሪስታል አወቃቀር የሚታይበት ምርመራ) ውጤት የክሪስታሉን መጠን የምናሰላው በሼረር ቀመር ነው። ሶፍትዌሩ የፒኩን ስፋት የሚሰጠው በዲግሪ ሲሆን ቀመሩ የሚፈልገው በራዲያን ነው። የዚንክ ኦክሳይድን ትልቁን ፒክ እንውሰድ። ሁለት ቴታው፣ ማለትም ፒኩ የወጣበት አንግል፣ 36.25 ዲግሪ ነው እንበል፣ ስፋቱ 0.5 ዲግሪ። የሞገድ ርዝመቱን 0.15406 ናኖሜትር፣ ቋሚውን 0.9 ስናደርግ 16.7 ናኖሜትር ይመጣል። 0.5ን ወደ 0.00873 ራዲያን ያልቀየረ ሰው ግን 0.29 ናኖሜትር ያገኛል። ይህ ከዚንክ ኦክሳይድ አንድ ዩኒት ሴል ያንሳል፤ እንዲህ ያለ ክሪስታል የለም።

ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቴታ ነው፤ ሁለት ቴታውን ለሁለት ሳያካፍል ያሰላ ደግሞ 19.7 ያገኛል። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ይሄኛው ነው። ቁጥሩ ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። አንዴ በእጃችሁ፣ በካልኩሌተር ሥሩት።

ያልተሳካውን ከአማካሪ መደበቅ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ተማሪው «ትንሽ ይስተካከልና አሳያቸዋለሁ» ይላል። አንድ ሳምንት ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ ወር ይሆናል። አማካሪ ማፈር እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ይገባኛል። ግን አማካሪያችሁ የተመደቡት ለዚሁ ነው። አንዲት ተማሪ አምስት ጊዜ ሠርታ አምስቴም ሳይሳካላት ቀረ። በመጨረሻ ጨክና ገባች።

«ዶክተር፣ አምስቱም አልሠሩልኝም። ማስታወሻዬን ይዩልኝ።»

ደብተሩን አገላብጠው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ፒኤቹ ስንት ነበር?»

ፒኤቹ፣ ማለትም የፈሳሹ አሲድነት፣ አልተለካም። በማግስቱ ለካች፣ አስተካከለች፣ ስድስተኛው ሠራ። ከዚያ በፊት ያለፈው ጊዜ ሁለት ወር ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው ደብተሩ ስለነበረ ነው። በእስክሪብቶ፣ በየገጹ ቀን ተጽፎበት፣ ያበላሹትም ሳይቀደድ። መብራት ከጠፋም ይጻፍ። 500 ዲግሪ ላይ ለሦስት ሰዓት ሊቃጠል የገባ ናሙና በአንደኛው ሰዓት መብራት ሄዶበት፣ ፈርነሱ (ምድጃው) ቀዝቅዞ፣ እንደገና ከተነሳ ያ ናሙና ሌላ ናሙና ነው። «ሦስት ሰዓት» ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ለአማካሪያችሁ ስጡ። የሠራው፣ ያልሠራው፣ የሚቀጥለው። ይበቃል።

መጣደፍ

ናይትሪክ አሲድና አልኮል በአንድ የቆሻሻ ጠርሙስ አይቀላቀሉም፤ ጋዝ ፈጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። የደረቀ የናኖ ዱቄት ማስክ ሳታደርጉ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አትመዝኑ፤ በዓይን የማይታየው ብናኝ ነው ሳንባ ውስጥ የሚገባው። ብር ያለበትን ትርፍ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ለብቻው ጠርሙስ ይኑረው፣ ስምና ቀን ይለጠፍበት።

ናሙና ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አዳማ ስትልኩም ተረጋጉ። ፕላስቲኩ ላይ «ናሙና 1» ብቻ ተጽፎ የሄደ ዱቄት ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የየትኛው ቀን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ቀኑን፣ ሙቀቱንና የደብተሩን ገጽ ቁጥር ጻፉበት። ከዱቄቱም ግማሹን እዚሁ ደረቅ ቦታ አስቀሩ።