የአደይ ቢጫ ለምን ይደፈርሳል? የዱር አበባ በውሃ ቀለም ሲሳል የሚገጥም ችግርና መፍትሄ

መስከረም ጠብቶ የወሎ ደጋ አደይ ሲለብስ የውሃ ቀለም ይዞ ለሚወጣ ሰው፣ ከሁሉ አስቸጋሪው ቢጫው ነው።

ቢጫው ጭቃ መሰለ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጥላውን በጥቁር መቀባት ነው። ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ ደብዛዛ አረንጓዴ ይወጣል። ጥቁሩን ተዉት። የአደይ ጥላ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሞቅ ያለ ቀለም ስለሆነ ቢጫው ላይ ትንሽ ቡናማ ጠብ አድርጉ። ጠለቅ ያለ ጥላ ካስፈለገ ሐምራዊ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ንኩ፤ ከበዛ ቢጫውን ይገድለዋል። ውሃውንም እዩት፦ አረንጓዴ የታጠበበት ኩባያ ቢጫውን ሳይታወቅ ያበላሻል። ለቢጫ የራሱ ኩባያ ይኑረው።

ቢጫው አረንጓዴው ላይ አልታይ አለ። የውሃ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፤ ፈዛዛው ደማቁን አይሸፍንም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፦ በእርሳስ ንደፉ፣ መስመሩን በላጲስ አሳሱት (ቀለም ካረፈበት በኋላ አይጠፋም)፣ ቢጫውን ቀቡ፣ ሲደርቅ አረንጓዴውን ዙሪያውን ሙሉ። መስኩ ሙሉ አደይ ቢሆንም ከፊት ያሉትን ጥቂቶች ብቻ በጥንቃቄ ሳሉ። የኋላዎቹን እርጥብ ወረቀት ላይ የቢጫ ነጠብጣብ አድርጋችሁ ተዉአቸው፤ ርቀቱን የሚያሳየው ይህ ነው።

ቀጋው ቆሸሸ። ለአገር በቀሉ ነጭ ጽጌረዳ ነጭ ቀለም አትፈልጉ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። አምስቱን የአበባ ቅጠሎች ባዶ ትታችሁ ከጀርባቸው ያለውን ቁጥቋጦ አጥቁሩት፤ አበባው በራሱ ይወጣል። ለጥላው በጣም የቀጠነ ሰማያዊ ከቡናማ ጋር ይበቃል።

ቀለሙ መሃል የጎመን ቅጠል የመሰለ እድፍ ወጣ። ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ሲያርፍ አዲሱ ውሃ ቀለሙን ገፍቶ ጠርዝ ላይ ያከማቸዋል። ወዲያው ከታየ በሶፍት ጫፍ ምጠጡት፤ ከደረቀ ግን መነካካት ያባብሰዋል። ወረቀቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም። እዚህ ላይ ቦታው ይወስናል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ፣ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግን ሙቀቱ ቀለሙን ቶሎ ስለሚያደርቅ ሰፊውን ቦታ ቀድማችሁ በውሃ አርጥቡ።

ወረቀቱ ተኮማተረ። ስሷ የስዕል ደብተር ውሃ አትችልም። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት አራቱን ጠርዝ ጣውላ ላይ በቴፕ አጣብቁ። የተኮማተረውንም አትጣሉት፤ ጀርባውን በስሱ አርጥባችሁ በንጹሕ ወረቀት መሃል፣ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።