የተሰበረ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመጠገኛ አክሪሊክ እንዴት ይጣበቃል?

ፒያሳም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ የጥርስ ላቦራቶሪ ለጥገና ከሚመጡት ሰው ሠራሽ ጥርሶች መካከል ላንቃው ላይ ከመሃል ለሁለት የተሰነጠቀ የላይኛ ጥርስ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ቤቱ ሳለ በሱፐር ግሉ ሞክሮት ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ የደረቀው ማጣበቂያ ሁለቱ ስባሪዎች በልክ እንዳይገጥሙ ያደርጋል፣ ለመጠገኛውም ገጽታውን ያበላሻል። ስለዚህ ጥርሱ የተሰበረበት ሰው ስባሪዎቹን፣ ትንንሾቹን ጨምሮ፣ ምንም ሳይቀባ ይዞ ቢመጣ ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል መሣሪያው ላለው ባለሙያና ለተማሪው የሚሆን ሲሆን፣ ባለ ጥርሱም ምን እንደሚደረግለት ያውቅበታል።

አስቀድመው ጥርሱ ከምን እንደተሠራ ያረጋግጡ። አብዛኛው የሚሠራው ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ከሚባለው አክሪሊክ ሲሆን፣ ይህ ፕላስቲክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ ሥራ ሲያገለግል ቆይቷል። ሲያጥፉት የሚለመጠው የናይለን ጥርስ ግን የመጠገኛውን ፈሳሽ ወደ ውስጡ ስለማያስገባ በዚህ መንገድ አይጠገንም።

ስባሪዎቹን አጥበው ካደረቁ በኋላ በልክ ያጋጥሟቸው፤ በሚጣበቅ ሰም ይያዟቸው፤ ሰሙ እንዳይላቀቅም በላዩ ትንሽ እንጨት ወይም ሽቦ ያጋድሙበት። ከዚያ ድድ ላይ በሚያርፈው በኩል ጀሶ ያፍስሱበት። ጀሶው ሲደርቅ ስባሪዎቹን ያንሱና ጀሶውን በመለያ ፈሳሽ፣ ማለትም መጠገኛው ከጀሶው ጋር እንዳይጣበቅ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ ይቀቡት። መለያው ስብራቱ ጠርዝ ላይ ከነካ መጣበቁን ስለሚከለክል ብሩሹን በጥንቃቄ ይያዙ።

ቀጥሎ የስብራቱን ጠርዞች በማይክሮሞተር፣ ማለትም በእጅ በሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ መፋቂያ፣ ይፋቁ። በሁለቱ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ክፍተቱ ከዚህ ሲሰፋ የሚገባው መጠገኛ ይበዛል፣ ሲጠነክርም ይበልጥ ይኮማተራል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከሚቆም ይልቅ 45 ዲግሪ ያህል ቢያጋድል ወይም ቢከብብ የሚጣበቀው ስፋት ይጨምራል፤ የማኘክ ኃይልም በአንድ መስመር ላይ አይከማችም። አሮጌ ሱፐር ግሉ፣ የሻይና የቡና ቀለም፣ የጠጠረ ቆሻሻ ሁሉ እስኪለቅና ንጹሕ አክሪሊክ እስኪታይ ድረስ ይፋቁ፤ ከዚያ በኋላ ገጹን በጣት አይንኩ።

አሁን ጥገናው የሚጸናበት ወይም የሚከሽፍበት ደረጃ ላይ ደርሰናል። ስባሪዎቹን ወደ ጀሶው መልሰው፣ የተፋቀውን ገጽ በመጠገኛው ፈሳሽ፣ ማለትም በሜቲል ሜታክሪሌት፣ በንጹሕ ብሩሽ ያርጥቡ፤ ፈሳሹ ቶሎ ስለሚተን ለ3 ደቂቃ ያህል እየደጋገሙ እርጥብ አድርገው ያቆዩት። ፈሳሹ አሮጌውን አክሪሊክ በጥቂቱ ያሳብጠዋል፣ በሞለኪውሎቹ ሰንሰለቶች መካከልም ሰርጎ ይገባል፤ በኋላ ሲጠነክር አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። አንዴ ቀብቶ ወዲያው መሙላት የተለመደ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ከላቦራቶሪ የወጣ ጥገና ቶሎ የሚላቀቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ጥድፊያ ነው። ክሎሮፎርምም ገጹን ያሟሟል፤ ነገር ግን ለጤና አደገኛ ስለሆነ አልመክረውም። ሜቲል ሜታክሪሌቱም ቢሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነውና ለሰሙ የለኮሱትን እሳት ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ ተራው የላቴክስ ጓንት እንደማያግደውም ያስታውሱ።

ገጹ ሳይደርቅ የመጠገኛውን ዱቄትና ፈሳሽ ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ክፍተቱን ይሙሉ፤ በኋላ ስለሚሞረድ ከልኩ ጥቂት ያስበልጡት። ከዚያ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ባለው ውኃ፣ በ2 ባር ገደማ ግፊት፣ በግፊት ድስት ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ትክክለኛው ጊዜ በመጠገኛው መመሪያ ላይ ይገኛል። ግፊቱ አረፋ እንዳይፈጠር ይከላከላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውኃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላ ሁሉ ይህም ፈሳሽ በቀላሉ ይተናል፤ ስለዚህ ድስቱን እዚህ መዝለል አይመከርም። መብራት ከጠፋ ለድስቱ የአየር ግፊት የሚሰጠው ኮምፕረሰር አይሠራም፤ ድብልቁ ደግሞ አይጠብቅምና ከመጀመርዎ በፊት ግፊቱ መሙላቱን ይመልከቱ።

ከጠነከረ በኋላ ይሞርዱት፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ ሳያግሉም ያስወልውሉት። እንዲህ ያለ፣ ከፍተኛ ሙቀት ሳይፈልግ የሚጠነክር አክሪሊክ በውስጡ ያልተዋሃደ ፈሳሽ ስለሚያስቀር፣ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ቢቆይ ድዱን የማስቆጣት ዕድሉ ይቀንሳል።

ጥርሱ እንደገና ከተሰበረ ስብራቱን በቅርብ ይመልከቱ። የአሮጌው ጠርዝ አዲስ አክሪሊክ ሳይቀርበት ልሙጥ ሆኖ ከታየ ፍቀቱ ወይም ማርጠቡ ጎድሏል ማለት ነው። አዲሱ አክሪሊክ ራሱ ተሰንጥቆ በሁለቱም ጠርዞች ላይ ከቀረ ግን ማጣበቁ ሠርቷል፤ በዚህ ጊዜ ጥርሱ በድዱ ላይ እየተወዛወዘ እንደሆነ ሐኪሙ ይፈትሽ፣ በሚቀጥለውም ጥገና ከስብራቱ መስመር ጋር መስቀለኛ ሆኖ የሚያልፍ የፋይበር ግላስ ክር ይጨመርበት።